ከአፋፍ እስከ ወንዝ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገደሎች እንደ አገር በቀል ዕፅዋት መጠለያ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በምሥራቃዊው የደቡብ ጎንደር ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ከደጋው አፋፍ ወደ ወንዝ የሚወርዱ አጫጭር የእግር መንገዶች መንገደኛውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በብዙ የዕፅዋት ደረጃዎች ያሳልፉታል። ይህ ጽሑፍ የአካባቢውን አለት፣ የዕፅዋቱን አቀማመጥና ስለ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች የታተሙ ጥናቶችን በማገናኘት ገደሉ በአገር በቀል ዕፅዋት ጥበቃ ውስጥ ያለውን ድርሻ ይመረምራል። በገደል ላይ የሚታይ ተክል ሁሉ የቀድሞው ደን ቅሪት ነው ብሎ መደምደም እንደማይገባ ያስረዳል፤ ቅሪት የሆነውን ካልሆነው ለመለየትም ገደሉን ከአቅራቢያው የቤተ ክርስቲያን ደን ጋር የማነጻጸር መንገድ ያቀርባል። በመጨረሻም የጥበቃው ቁልፍ ቦታ ገደሉ ራሱ ሳይሆን በአናቱና በግርጌው ያለው ጠባብ መሬት መሆኑን ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ገደል፣ አፋፍ፣ አገር በቀል ዕፅዋት፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ

1. መግቢያ

የገደል ዕፅዋት በዓለም የሥነ ምህዳር ጥናት ውስጥ ትኩረት ያገኙት ዘግይተው ነው። በብዛት የተጠኑትም በኖራ ድንጋይና በባሕር ዳርቻ ገደሎች ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው በካናዳ የሚገኘው የናያጋራ ገደላማ ጠርዝ ነው። የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ዳግላስ ላርሰንና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ምርምር፣ በዚያ ገደል ንቃቃት ውስጥ የበቀሉ ቀጫጭንና ጠማማ ዛፎች አንዳንዶቹ ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ደርሰውበታል። ከገደሉ በላይና በታች ያለው ሜዳ ለዘመናት ሲታረስና ሲመነጠር፣ ሰው የማይደርስበት ቀጥ ያለ ግድግዳ ግን ሳይነካ ቆይቶ ነበር። የዚህ ግኝት ትምህርት አጭር ነው፤ የዛፍ ቁመት ስለ ዕድሜው አይመሰክርም፣ የመሬት ጠቀሜታ ማነስም አንዳንድ ጊዜ ጥበቃ ይሆናል።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሕርም የባሕር ዳርቻም የላቸውም። ይሁን እንጂ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ በሽሎ፣ ወደ ዓባይና ወደ ተከዜ ገባር ሸለቆዎች የሚወርድባቸው አፋፎች በብዛት ይገኙባቸዋል። አካባቢው ለረጅም ዘመን የታረሰ፣ ሕዝብ የበዛበት፣ በምግብ እጥረትም በተደጋጋሚ የተጎዳ ነው። ወረዳዎቹ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ እርሻ ያልደረሰበት መሬት ጥቂት ነው፤ ካሉትም ውስጥ ገደሉና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዋነኞቹ ናቸው። ስለ ሁለተኛው ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ትኩረቱን በመጀመሪያው ላይ ያደርጋል። አዲስ የመስክ ቆጠራ አያቀርብም፤ ያለውን ዕውቀት አሰባስቦ በመስክ ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ለማውጣት ይሞክራል።

2. አለቱና አቀማመጡ

የአካባቢው አጥንት ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ንብርብር ሆኖ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የደጋውን መሠረት ጥሏል። የጉና ተራራ ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ ከ10.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ንብርብር ላይ የተነሣ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ነው። ዛሬ 4,120 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጉና የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ሲሆን፣ በዙሪያው ላሉት ወረዳዎች የውኃ ማማ ሆኖ ያገለግላል። ከጉና ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ከፍተኛ መሬት በነፋስ መውጫ በኩል አልፎ እስከ ጨጨሆ ይደርሳል። ጨጨሆ ላይ ደጋው እጅግ ይጠብባል፤ በሰሜኑ ወገን የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ፣ በደቡቡ ወገን የሚወርደው በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስማዳ በኩል መሬቱ እየወረደ ከ1,500 ሜትር በታች ወደሆነው የበሽሎና የዓባይ ሸለቆ ይደርሳል።

የባዛልት ንብርብሮች ገደሉን የደረጃ ቅርጽ ሰጥተውታል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን አለት «ትራፕ» ብለው የሚጠሩት ደረጃ የሚል ትርጉም ካለው የስዊድን ቃል ወስደው ነው። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። በሁለት ንብርብሮች መካከል ያለው ለስላሳ አመድ ወይም ቀይ የጥንት አፈር ግን ቀድሞ እየተሸረሸረ ጠባብ እርከን ይፈጥራል። ቅላጩ ሲቀዘቅዝ የተፈጠሩት ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ውኃ ወደ ታች ያሳልፋሉ፤ ውኃው ለስላሳው ንብርብር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ፊት ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እርከኑ አፈርም እርጥበትም ያለው ቦታ ነው። የኖራ ድንጋይ ገደል ግን በውኃ እየሟሟ በሚሰፋ ቀዳዳ ተክሉን ያስተናግዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዕፅዋት ጥናት ትርጉም አለው፤ በባዛልት ገደል ላይ ዛፍ የሚፈለገው በግድግዳው ላይ ሳይሆን በእርከኑ ላይ ነው።

3. ከአፋፍ ወደ ታች፦ የዕፅዋት ደረጃዎች

በኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥርጭት ላይ በፍሪስ፣ በሰብስቤ ደምሰውና በቫን ብሮይገል ተዘጋጅቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው አትላስ የአገሪቱን ዕፅዋት በ12 ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፍላል። ከጉና ጫፍ ተነሥቶ ወደ በሽሎ የሚወርድ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ አራቱን በቅደም ተከተል ያልፋል።

ከ3,200 ሜትር በላይ ጓሳና ጅብራ ይነግሣሉ። ጅብራ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ተክል ነው፤ ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተካ አልፏል ማለት ነው። ከዚህ ዝቅ ብሎ፣ በ3,000 ሜትር አካባቢ፣ የአስታና የአምጃ ቁጥቋጦ ይመጣል። ከ3,000 እስከ 1,800 ሜትር ያለው ሰፊ ቀበቶ የደረቅ ደጋ ደን ክልል ሲሆን፣ በተፈጥሮ የኮሶ፣ የጥድ፣ የወይራና የዝግባ አገር ነው። የሰው ኑሮና እርሻ በብዛት የሰፈረውም በዚሁ ቀበቶ በመሆኑ፣ ደኑ ከሞላ ጎደል የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በታች ወደ ወንዙ ሲቀርቡ የአባሎና የግራር ዝርያዎች የሚበዙበት የቆላ ጫካ ይጀምራል።

የእግር መንገዱ ትምህርት ያለው በመካከለኛው ቀበቶ ነው። ከአፋፉ በላይ ያለው ሜዳ የገብስ፣ የስንዴና የድንች ማሳ ነው፤ የሚታየው ዛፍም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። መንገዱ የአፋፉን ከንፈር አልፎ መውረድ ሲጀምር ግን መልኩ ይለወጣል። በድንጋዩ ንቃቃት ሬትና ልዩ ልዩ የድንጋይ ሣሮች ይታያሉ። በእርከኖቹ ላይ ወይራ፣ ጥድ፣ ቀረጥ፣ ኮሽም፣ ቀጋና አጋም ተጠጋግተው ይበቅላሉ፤ በላያቸው እንቆቆ ይጠመጠማል። ምንጭ ባለበት ጥላ ሥር ሾላና ፈርን ይገኛሉ። ፀሐይ በበዛበት ዳገት ላይ ክትክታ፣ እምቧጮና ጥንጁት ይበዛሉ። ወደ ታች ሲወረድም ቁልቋል ቅርንጫፉን እንደ መቅረዝ ዘርግቶ ይቆማል።

እነዚህ ስሞች ለአካባቢው ሰው የዕለት ተዕለት ስሞች ናቸው። ጥንጁትና ወይራ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ይታጠንባቸዋል፤ ኮሶና እንቆቆ ለኮሶ ትል ይጠጣሉ፤ ዳማ ከሴ ለምች ይሸተታል፤ በእንዶድ ልብስ ይታጠባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንዶድ እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ የደረሱበትም ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። የዕፅዋቱ መኖሪያ ወደ ገደሉ ሲያፈገፍግ፣ እነዚህን የሚፈልገው ሰውም፣ በተለይም እንጨት ለቃሚዋና መድኃኒት ቀማሚው፣ ወደ ገደሉ መውረድ ይገደዳል። የገደሉ ዕፅዋት ጉዳይ እንግዲህ የብዝኀ ሕይወት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚጨስ፣ የሚጠጣና የሚታሸት ነገር ከየት ይገኛል የሚል ጥያቄም ነው።

4. ቅሪት ወይስ ነዋሪ?

በገደሉ ላይ የሚታየውን ሁሉ በአንድ ስም «የጥንቱ ደን ቅሪት» ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ግን ያሳስታል። ዕፅዋቱ ቢያንስ በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ የገደሉ ተወላጆች ናቸው። ሬትን የመሰሉ ተክሎች ጥቂት አፈር፣ ብዙ ፀሐይና ፈጣን የውኃ ፍሰት የሚስማማቸው በመሆኑ፣ ሜዳው በደን ተሸፍኖ በነበረበት ዘመንም ቦታቸው እዚሁ ነበር። ሁለተኛዎቹ ተገን ፈላጊዎች ናቸው። ወይራ፣ ጥድ፣ ኮሶና ዝግባ ገደል የሚመርጡ ዛፎች አይደሉም፤ በጥልቅ አፈር ላይ ይበልጥ ይፋፋሉ። በእርከን ላይ ቀጭጨው የሚገኙት መጥረቢያ፣ ማረሻና ከብት ስላልደረሱባቸው ነው። ሦስተኛዎቹ የጉዳት ተከታዮች ናቸው። ክትክታና እምቧጮ የተቦረቦረና የተጋጠ መሬት የሚወርሱ በመሆናቸው፣ በመንገዱ ዳርና በአፋፉ ከንፈር መብዛታቸው የጥበቃ ሳይሆን የጫና ምልክት ነው።

ይህ ክፍፍል ተግባራዊ ውጤት አለው። የተራቆተን ደጋ መልሶ ለማልማት የሚነሣ ሰው የገደሉን የዕፅዋት ዝርዝር እንዳለ ወስዶ ቢተክል፣ በጥልቅ አፈር ላይ የድንጋይ ተክል ይተክላል። ዝርዝሩን ሁሉ ቢተወው ደግሞ ከአካባቢው አየርና አፈር ጋር ለብዙ ትውልድ የተላመደ የወይራና የጥድ ዘር ያጣል።

ሁለቱን ለመለየት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ሚዛን ሊሆኑ ይችላሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር በ28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱትና በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ደኖቹ ከ1,816 እስከ 3,111 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ይህም ከላይ የተጠቀሰው የደረቅ ደጋ ደን ቀበቶ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብዙውን ጊዜ በሜዳ ወይም በኮረብታ አናት ላይ፣ ደህና አፈር ባለበት ይገኛል። ስለዚህ የሚከተለውን መለኪያ ማቅረብ ይቻላል፦ አንድ ዝርያ በተመሳሳይ ከፍታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢም በገደሉ እርከንም ተገኝቶ በመካከላቸው ባለው ማሳና ግጦሽ ከጠፋ፣ ተገን ፈላጊ ነው። በገደሉ ብቻ ከተገኘ የገደል ተወላጅ የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። በገደሉ ከንፈርና በግጦሹ ተገኝቶ በቅጥሩ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ የጉዳት ተከታይ ነው።

መለኪያው ፍጹም አይደለም። በቅጥር ግቢ ውስጥ ሰው መርጦ የተከላቸው ዛፎች አሉ፤ የተቆረጡም አሉ። ሁለቱ መጠለያዎች የተጠበቁበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው፤ አንዱን እምነት፣ ሌላውን አቀማመጥ ጠብቆታል። ሁለት የማይገናኙ ምስክሮች በአንድ ቃል ሲስማሙ ምስክርነቱ እንደሚጠነክር ሁሉ፣ በሁለቱም ቦታ የተገኘ ዝርያም በመካከላቸው ስላለው መሬት የቀድሞ መልክ አስተማማኝ ማስረጃ ይሆናል።

5. መጠለያ መውለጃ አይደለም

የተጠለለ ሁሉ ይራባል ማለት አይቻልም። ሦስት ምክንያቶች ይህን ያሳያሉ።

አንደኛው የዘር ክምችት ነው። ዓለማየሁ ዋሴና ደምል ተከታይ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ደኖች ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ዛፎች በአፈር ውስጥ የሚቆይ ዘር እንደማያከማቹ አመልክተዋል። ይህ ከሆነ እናት ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ አፈሩ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ ተተኪ የለም። በገደሉ እርከን ላይ የቆመው አንድ ወይራ ከተቆረጠ ደኑ ከዚያ ቦታ ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው የጾታ ጉዳይ ነው። ኮሶና ዝግባ፣ በአብዛኛው ጥድም፣ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኙ ናቸው። በአንድ ገደል ላይ አሥር ጥድ ቢቆጠርና ሁሉም ወንድ ቢሆኑ፣ ቁጥሩ ያጽናናል እንጂ ዘር አይሰጥም። የዛፍ ቆጠራ ጾታን ካልመዘገበ የመራባትን ተስፋ አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል።

ሦስተኛው የማደጊያ ቦታ ነው። የወይራንና የጥድን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ወደ ሜዳው ያወጡታል፤ ዘሩ ግን የሚወድቀው በማሳ ወይም በግጦሽ ላይ ነው። የደቡብ ጎንደር ጥናቶች የከብት ግጦሽ የችግኞችን መብቀልና መትረፍ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተሻለ እንደሚተርፍ አመልክተዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ፣ በገደሉና በማሳው መካከል ከግጦሽ የተከለለ የቁጥቋጦ ድንበር ከሌለ ከገደሉ የሚወጣው ዘር ማረፊያ እንደማያገኝ ያስገነዝባሉ።

6. አፋፉ ለምን ቁልፍ ሆነ

እዚህ ላይ የጥበቃው ጥያቄ ከገደሉ ግድግዳ ወደ አናቱና ወደ ግርጌው ይዛወራል። ግድግዳውን አቀማመጡ ራሱ ይጠብቀዋል። ሳይጠበቅ የቀረው ግን የአፋፉ ከንፈር ነው፤ ለእርሻ የማይመች፣ ለግጦሽና ለባሕር ዛፍ ግን የሚፈለግ ጠባብ መሬት ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ ከገባ ወዲህ ለደጋው ገበሬ ማገዶ፣ የቤት መሥሪያና የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። በገደሉ ላይ ያለው ወይራ ለማገዶ እንዳይቆረጥ ጫናውን ያቀለለው እርሱ መሆኑም መካድ የለበትም። ችግሩ የሚተከልበት ቦታ ነው። በአፋፉ ጠርዝ ላይ ሲደረደር ዘሩ የሚያርፍበትን የቁጥቋጦ ድንበር ይወስዳል፤ ብዙ ውኃ የሚጠጣ በመሆኑም በስንጥቁ ወርዶ እርከኑን የሚያርሰውን እርጥበት ሊቀንስ ይችላል።

በወረዳዎቹ በሕዝብ ጉልበት የሚሠሩ የእርከንና የክልከላ ሥራዎች፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ፣ ለዚህ ምቹ አጋጣሚ ይፈጥራሉ። የክልከላው መስመር ከአፋፉ ከንፈር ጥቂት ሜትሮች ወደ ውስጥ ቢጀምርና የችግኝ ጣቢያዎች ከተለዩ እናት ዛፎች ዘር ቢሰበስቡ፣ ገደሉ ዝም ብሎ የቆመ ቅሪት መሆኑ ቀርቶ የዘር ምንጭ ይሆናል። አብያተ ክርስቲያናቱ በዚህ ረገድ አስተማሪ ልምድ አላቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን ከማኅበረ ካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ባካሄዱት ሥራ፣ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ አጥር ሆኗል። ገበሬው ማሳው ጸዳለት፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ለአፋፉም የሚስማማው መፍትሔ እንዲህ ያለው፣ ለሁለቱም ወገን ጥቅም ያለው ነው። በግጦሽ እጥረት የሚቸገር ገበሬ አፋፉን የሚተወው ከክልከላው የሚታጨድ ሣር ሲደርሰው ነውና።

7. ማጠቃለያና የጥናት አቅጣጫ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገደሎች የአገር በቀል ዕፅዋት መጠለያ መሆናቸው የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው የትኛው ተክል ተጠልሎ፣ የትኛው በቤቱ እንደሚኖር ነው። ይህን ለመለየት ሦስት የመስክ ሥራዎች ተገቢ ይሆናሉ።

አንደኛ፣ በአንድ ከፍታ ላይ የሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ግጦሽና የገደል እርከን በጥምር ይቆጠሩ፤ ቆጠራው የዛፉን ጾታና የችግኝ ብዛት ይጨምር። ሁለተኛ፣ ጨጨሆን በመሰለ ጠባብ ሸንተረር ላይ የሰሜኑና የደቡቡ ገደል ፊት ይነጻጸሩ። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታዘነብል የደቡቡ ፊት ይበልጥ ይደርቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ዝርያ የሚስማማውን የመትከያ ቦታ ሊጠቁም ይችላል። ሦስተኛ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ ሸለቆ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ ገደል ስለሚገኝ፣ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የሁለቱን አለቶች ዕፅዋት ማነጻጸር ይቻላል። የከፍታው ልዩነት ግን በስሌቱ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። የገደል ጥድን ዕድሜ በግንድ ቀለበት ለመለካት የሚያስብ ተመራማሪም፣ በልግና ክረምት በሚዘንብበት አካባቢ አንድ ቀለበት ሁልጊዜ አንድ ዓመት እንደማይሆን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል።

እስከዚያው ድረስ ግን ለውሳኔ የሚበቃ ዕውቀት አለ። እናት ዛፉ በአፈር ውስጥ ተተኪ ካላስቀመጠ፣ በእርከኑ ላይ የቆመው እያንዳንዱ ወይራ የሚቆጠር ሀብት ነው። ከአፋፉ ወደ ወንዝ በየዕለቱ የሚወርዱት ውኃ ቀጂዎች፣ እረኞችና ገበያተኞች የት እንደቆመ ያውቁታል፤ ቆጠራው ከእነርሱ ቢጀምር መንገዱ ያጥራል።